የክርስትና ስም የጠየቀው ገጽ

ነገሩ የተጀመረው ደባርቅ ላይ፣ በአቶ ሃብተ ጊዮርጊስ ቢሮ ነው፤ ጉሙ መስኮቱ ድረስ መጥቶ አልሄድም ባለበት ማለዳ። አቶ ሃብተ ጊዮርጊስ የደጋው በረከት የገበሬዎች ዩኒየን ሥራ አስኪያጅ ናቸው። ጋቢያቸውን ከኮታቸው በላይ ጣል አድርገው፣ ስልካቸውን ወደ ላይ አንስተው፣ «ይኸውልሽ! ስድስት አሃዝ ያላት ቁጥር መጣችልኝ። ቁጥሯን እጽፋለሁ፣ እገባለሁ። ሌባ ስልኬን ከኪሴ ካላወጣ በየት በኩል ይገባል? እስኪ ንገሪኛ!» አሉ።

ንገሪኝ የተባለችው ሠርካለም ናት። የዩኒየኑን ኮምፒዩተሮች ሁሉ የምትጠብቀው እሷ ናት። ዕድሜዋ ወደ ሠላሳ ተጠግቷል፤ ለእሳቸው ግን እስከ ዛሬ «ያቺ ልጅ» ናት። እሷም ብትሆን መልስ የሚጠፋት ሰው አይደለችም።

«ሌባው ኪስዎ ድረስ ምን አደከመው?» አለቻቸው። «ቁጥሯን ራስዎ ጽፈው ይሰጡታል።»

«እኔ?»

«እርስዎ!»

«አረ በማርያም! እኔ ሃብተ ጊዮርጊስ?» ብለው ሳቁ። የእሳቸው ሳቅ ሆድ ያናውጣል እንጂ ዓይን አይደርስም።

ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። ዩኒየኑ በኢንተርኔት የሚሠራ ሲስተም አለው፤ የአባል ገበሬዎቹ ስም፣ የየቀበሌው የማዳበሪያና የምርጥ ዘር ድርሻ እዚያ ውስጥ ነው ያለው። በአስተዳዳሪነት የገባ ሰው ከፈለገ የአንዱን ቀበሌ ማዳበሪያ ወደ ሌላ መጋዘን ያዞራል፣ ከፈለገ የገበሬ ስም ይሰርዛል። ይህ ሥልጣን ያላቸው ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፦ አቶ ሃብተ ጊዮርጊስ፣ ሠርካለም፣ የዳባቱን ቅርንጫፍ የሚመሩት እትዬ ገበያነሽ። ታዲያ ሩቅ አገር ባለ አንድ ዩኒየን ሌባ በተሰረቀ የይለፍ ቃል ገብቶ፣ ለዘር የደረሰ ማዳበሪያ አድራሻው ተቀይሮ እንደወጣ ቀረ የሚል ወሬ መጣ። የእኛው ቦርድ ክው አለ። በዘር ወቅት ማዳበሪያ የቀረበት ገበሬ ዓመቱን ሙሉ ምን ይበላል? ከይለፍ ቃሉ በላይ ሁለተኛ መዝጊያ ይበጅ፣ የትኛው እንደሚሻል ዳባት ላይ በሚደረገው ስብሰባ ይወሰን ተባለ።

አቶ ሃብተ ጊዮርጊስ በስልክ መልእክት የምትመጣዋን ስድስት ቁጥር ወደዷት፤ ለሙከራም ሁሉም እየተጠቀሙባት ነበር። ሠርካለም ግን ሌላ ነገር ይዛለች። ከአዲስ አበባ ያስመጣቻቸው ትናንሽ ቁልፎች ናቸው። ቁልፍ ይባሉ እንጂ ጥርስ የላቸውም፤ ከአውራ ጣት የማይበልጡ፣ ኮምፒዩተር ጎን የሚሰኩ። ሰው ሰክቶ በጣቱ ይነካቸዋል፣ አለቀ። የሚነበብ ቁጥር የለ፣ በስልክ የሚነገር ነገር የለ። ደግሞም ቁልፉ መልስ የሚሰጠው ለተመዘገበበት ለእውነተኛው አድራሻ ብቻ ነው። ሌባ ቁርጥ የዩኒየኑን ገጽ የሚመስል ገጽ ቢሠራ ሰው ይታለላል፤ ቁልፉ ግን የሚያየው መልኩን ሳይሆን አድራሻውን ስለሆነ አልመልስም ይላል።

«ይሄ ሁሉ ድካም ለማይታለል ሰው!» አሉ አቶ ሃብተ ጊዮርጊስ። «ሞክሪኛ! አታልይኝ! አንዳችንን ከያዝሽ ቁልፍሽን እገዛልሻለሁ። ግን አንድ ነገር እወቂ፤ የተያዘ ሰው ከአስተዳዳሪነቱ ይወርዳል። ሦስት በር ከሚኖረን ሁለት ይሻለናል።»

ይህን ሲሉ ዓይናቸው ወደ ዳባት እንደሆነ ሠርካለም ገባት። «እትዬ ገበያነሽ አርጅተዋል፣ ዳባት አስተዳዳሪ ምን ያደርግለታል» የሚለው ወሬያቸው የቆየ ነው። ያ ከሆነ ስሙ የተሳሳተበት የዳባት ገበሬ ሁሉ ለአንዲት ፊደል ማስተካከያ ደባርቅ ድረስ ሊንገላታ ነው። እትዬ ገበያነሽ ደግሞ ከዚያች ወንበር በቀር ምን ቀራቸው? አንድ ልጃቸው ውዱ በመተማ አድርጎ ሱዳን ከገባ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። ሴትዮዋ ጠዋት ቅርንጫፉን ከፍተው ማታ የሚዘጉት፣ ቤታቸው ባዶ ስለሆነ ነው።

ሠርካለም ደሟ ፈላ። ከመካነ ብርሃን መጥታ ዳባት ስትማር የተከራየችው የእትዬ ገበያነሽን የጓሮ ክፍል ነበር። ወባ ይሁን ታይፎይድ ያልታወቀ ትኩሳት የጣላት ጊዜ፣ ሴትዮዋ ከጓሮ አንስተው ራሳቸው አልጋ ላይ አስተኝተዋታል፤ ከዚያ በኋላ ኪራይ የሚባል ነገር አልተነሳም። ከውዱ ጋር በአንድ መጽሐፍ አጥንታለች፣ ከአንድ ትሪ በልታለች። እናም እኚህ ሰው እትዬ ገበያነሽን ታጠምድልኛለች ብለው በእሷ እጅ ሊያስወርዷቸው ነው? ቆይ! የሚያዘው ማን እንደሆነ ይታያል!

«እሺ» አለች፣ እጇን ዘርግታ። «የተያዘ ይወርዳል።»

አይ ሠርካለም! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ያለው ሰው ይህችን ልጅ አይቶ ይሆናል።

ወደ ክፍሏ ገብታ ወጥመዱን ማሰብ ጀመረች። ሽልማት ወጣልዎ ብትላቸው አቶ ሃብተ ጊዮርጊስ ይሥቁባታል። ደመወዝ ተጨመረ ብትል ለመላው ዩኒየን ደውለው ያጣራሉ። ይህ አገር በገንዘብ ወሬ በቀላሉ አይያዝም፤ ብዙ ጊዜ ተቃጥሏል። ታዲያ በምን ይያዛል? እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ስታስብ ቆየችና፣ መልሱ ሲመጣላት ራሷም ደነገጠች።

በእኛ አገር ሰው ሁለት ስም አለው። አንዱ ገበያ ላይ የሚጠራበት ነው። ሌላው ሲጠመቅ ካህኑ የሰጠው የክርስትና ስሙ ነው፤ ይኸኛው እንደዋዛ አይነገርም። ክፉ ሰው ከሰማው መተት ይሠራበታል ይባላልና፣ ጎረቤት ለጎረቤቱ አይናገረውም። ደባርቅ መናኸሪያ ቆማችሁ የሰው ስልክ ቁጥር ብትጠይቁ ይሰጣችኋል፤ የክርስትና ስሙን ብትጠይቁት ግን ከእግር እስከ ራሳችሁ ይገላምጣችኋል። ያው ሰው፣ ያ ሁሉ ጥርጣሬ ያለበት ሰው፣ አንድ መነኩሴ በሩ ላይ ቆሞ «በጸሎት ላስብህ፣ ስምህ ማነው?» ያለው እንደሆነ፣ የራሱን ብቻ ሳይሆን የሚስቱንና የልጆቹን ጭምር ዘርግፎ ይሰጣል። ሠርካለም ይህን ከማንም አልተማረችውም፤ እዚሁ ያደገች ናትና።

እናም ጻፈችው። «የዩኒየናችን ሠራተኞች ሆይ፣ መጪው ዘር የበረከት ይሆን ዘንድ አባቶች በገዳም ሱባዔ ሊገቡ ነው። በጸሎት እንዲታሰብልዎ የሚፈልጉትን ሰው የክርስትና ስም ከታች ባለው ገጽ ያስገቡ።» ከሥሩ ሊንክ አደረገችበት። ሊንኩ የሚወስደው ቁርጥ የዩኒየኑን መግቢያ ወደሚመስል ገጽ ነው፤ አድራሻው ላይ አንዲት ፊደል ብቻ ትደገማለች። ገጹ መጀመሪያ የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ቃሉን ወዲያው ለእውነተኛው መግቢያ ስለሚያሻግር ያቺ ስድስት ቁጥር ወደ ስልክ ትመጣለች፤ ቀጥሎ እሷን ይጠይቃል። ከዚያ «የክርስትና ስም» የሚል ባዶ ቦታ ይከፍታል። የይለፍ ቃሉን እንዳያስቀር፣ መግባታቸውንና የጻፉትን ስም ብቻ እንዲያሳያት አደረገችው፤ እዚያ ላይ እንኳ ጥንቃቄ አልጎደላትም። ለሁለቱም አስተዳዳሪዎች ላከች። ለአቶ ሃብተ ጊዮርጊስ ብቻ ብልክ ማድላት ይሆንብኛል አለች፤ ደግሞም እትዬ ገበያነሽ ከስልክ ጋር ብዙም ስለማይግባቡ ሳያዩት ያልፋል ብላ በልቧ ተስፋ አድርጋለች።

ብዙ አልቆየም። ከግድግዳው ማዶ የአቶ ሃብተ ጊዮርጊስ ስልክ ጢር አለ፤ መልእክት መግባቱ ነው። ወንበራቸው ተንቋቋ። ሠርካለም ላፕቶፗን ስታይ፣ ሰውየው ገብተዋል! የይለፍ ቃላቸውን ሰጥተዋል፣ ስድስት ቁጥሯን ሰጥተዋል፣ ከዚያ ስማቸውን፣ የባለቤታቸውን፣ የልጆቻቸውን፣ ጭራሽ የወንድማቸውንም ልጆች ደርድረዋል። አፏን በነጠላዋ አፍና ሳቀች። ሳቁ እንባ አመጣባት። «እኔ ሃብተ ጊዮርጊስ!» አለች በሹክሹክታ፣ እንደ እሳቸው ደረቷን ነፍታ።

እየሳቀች እያለች ሁለተኛ መስመር ከታች ብቅ አለ። ከዳባት ነው።

ሳቋ ደረቀ። የይለፍ ቃሉ ትክክል። ስድስት ቁጥሩ ትክክል። ሁለት ስም ተጽፏል። አንዱ የእትዬ ገበያነሽ የራሳቸው ነው። ሁለተኛው ፊደል ተሳስቶበት ቀጥሎ በትክክል እንደገና ተጽፏል። ስሙን እኔም አልነግራችሁም፤ የክርስትና ስም ነው። ከስሙ ጎን ግን እንዲህ ይላል፦ «ልጄ ነው። ውዱ ይባላል። አደራችሁን አባቶቼ፣ አደራችሁን።»

ሠርካለም መስመሩን ደግማ አነበበችው። ከውዱ ጋር ከአንድ ትሪ ስትበላ ያን ሁሉ ዓመት ይህን ስም አታውቀውም ነበር፤ አሁን በውሸት ወሰደችው። ላፕቶፑን ዘጋችው፣ መልሳ ከፈተችው፣ ያን ገጽ ከነስሞቹ ደመሰሰችው። ስሙ ግን ከላፕቶፑ ይጥፋ እንጂ ከጭንቅላቷ ወዴት ይሂድ? ደግሞ የውርርዱ ነገር ትዝ አላት። የተያዘ ይወርዳል ብላ እጇን የዘረጋችው ማን ናት? ሌላ ሰው አይደለም፣ ራሷ ናት።

ጎረቤት ክፍል ሄዳ ለአቶ ሃብተ ጊዮርጊስ ነገረቻቸው፤ ሌላ ምን ታድርግ። ሰውየው ፊታቸው ፍም መሰለ። መጀመሪያ «ውሸት ነው» አሉ፣ ቀጥለው «በጸሎት ይቀለዳል እንዴ፣ አንቺ አረመኔ!» አሉ። ከዚያ «ዳባትስ?» ብለው ጠየቁ።

«ሁለት ሰው ተይዟል» አለች። «ስም አልጠራም።»

አቶ ሃብተ ጊዮርጊስ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ሁለተኛው ማን እንደሆነ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም፤ ሦስት ሰው ነው ያለው። «ጥሩ» አሉ በቀስታ። «አንቺ ስም ካልጠራሽ እኔም አልጠራም።» ሠርካለም ይህ «ጥሩ» የሚለው ቃል ምን እንደያዘ ገባት። ሁለቱም ዝም ካሉ የሰው ዓይን የሚያርፈው አሮጊቷ ላይ ነው።

በስብሰባው ቀን በማለዳ ሚኒባስ ተሳፍራ ዳባት ወረደች። በቀጥታ ወደ እትዬ ገበያነሽ ቤት ነው የሄደችው። ነገሩን ከሌላ ሰው አፍ ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙ ብላለች፤ ይህችን ታህል ነፍስ ቀርታላታለች። ሴትዮዋ በር ላይ ሲያዩዋት ፊታቸው በራ።

«ሠርኬ! ምነው በጠዋቱ? ግቢ፣ ግቢ፣ ብርዱ ይገርፍሻል። ቁርስ ሳትበይ ነው የመጣሽው፣ ፊትሽ ይነግረኛል።»

«እትዬ፣ የምነግርዎ ነገር አለ።»

«ይደርሳል። እኔም የምነግርሽ አለኝ።» ዳቦ ቆርሰው ሰጧት። «መቼም አንቺም ሰምተሽ ይሆናል። ከገዳም የክርስትና ስም ተጠየቅን። እግዜር ይስጣቸው፣ እኛን አስታውሰው። እኔማ ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ ወሰደኝ ብልሽ ታምኚኛለሽ?»

ዳቦውን ሳትቀምስ መልሳ አስቀመጠች። ከዚህ በኋላ ወሬ ማስረዘም ግፍ ነው ብላ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ «የላክሁት እኔ ነኝ፣ እትዬ» አለች። «ገዳም የለም። ሱባዔ የለም። አቶ ሃብተ ጊዮርጊስ አልታለልም ስላሉኝ ሌባ እንዴት እንደሚያታልል ላሳያቸው ብዬ የሠራሁት ወጥመድ ነው። እርስዎ አያዩትም ብዬ ነበር። ይቅር ይበሉኝ።» ስለ ውርርዱም ነገረቻቸው፤ አንዱንም አልሸሸገችም።

እትዬ ገበያነሽ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻላት ነበር። ዳቦውን በጨርቅ ሸፈኑ፣ ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፉ፣ «ስብሰባው እንዳይረፍድብን» አሉና ቀድመዋት ወጡ። ሠርካለም ከኋላ ከኋላቸው ስትሄድ፣ እንዲያ በትኩሳት ጊዜ ያነሷት ጀርባ ምን ያህል እንደጠበበ አየች።

ስብሰባው የዳባት ቅርንጫፍ አዳራሽ ውስጥ ነበር፤ አዳራሽ ይባል እንጂ ግማሹ የዘር ገብስ ጆንያ ነው። የቦርዱ ሰብሳቢ አያ ዘመነ፣ ከአምባ ጊዮርጊስ ማዶ የሚያርሱ ቀልደኛ ገበሬ፣ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣ «እህ፣ የበሩን ነገር እንስማ» አሉ።

ሠርካለም ተነስታ አስረዳች። ስድስት ቁጥሯ ጥሩ መስላ የምትታይበትን፣ ሌባ ግን ቁጥሯን ሳይሰርቅ ባለቤቱን ራሱን የሚያስጽፍበትን መንገድ ነገረቻቸው። «ሞክረነዋል» አለች። «ከሦስታችን ሁለት ሰው ተይዟል።»

አዳራሹ አጉረመረመ። አቶ ሃብተ ጊዮርጊስ ጣራ ጣራውን ያያሉ። የአንዱ ዓይን፣ የሌላው ዓይን፣ ቀስ በቀስ የሁሉም ዓይን እትዬ ገበያነሽ ላይ አረፈ። አንዱ የቦርድ አባል እንዲያውም፣ «እንግዲህ ዕድሜም ነው፤ ዳባት ላይ ያለው ሥልጣን ወደ ደባርቅ ቢጠቃለል…» ብሎ ጀመረ።

እትዬ ገበያነሽ ተነሱ። «አንዷ እኔ ነኝ» አሉ። ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። «በጸሎት ይታሰብልሽ ስባል የይለፍ ቃሌንም ቁጥሬንም ሰጥቻለሁ። ውረጂ ከተባልሁ እወርዳለሁ። ግን ሌባው እውነተኛ ቢሆን ኖሮ የዳባት ማዳበሪያ በእኔ እጅ ሄዶ ነበር። ስለዚህ ይህች ልጅ የምትላችሁን ስሙ።» ተቀመጡ።

አያ ዘመነ ዱላቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «እሰይ! ሴት እንዲህ ናት። ሁለተኛውስ?»

ሠርካለም ጥርሷን ነከሰች። ስም አልጠራም ብላለች፣ አትጠራም። አያ ዘመነ አንድ በአንድ አዩ። ሁለት ሰው ተይዟል፣ ሦስት አስተዳዳሪ ነው ያለው፣ አንዷ ወጥመዱን የሠራችው ናት። ከደጅ ያለች አህያም ብትሆን ሂሳቡን ትደርስበታለች። አቶ ሃብተ ጊዮርጊስ አሳላቸው። ጋቢያቸውን አወረዱ። እንደገና አሳላቸው።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ያውም ቀድሜ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። «የወንድምዎን ልጆች ስም ጭምር ሳይሆን አይቀርም!» አለ አንዱ በግምት፤ አቶ ሃብተ ጊዮርጊስም ደንግጠው ወደ ሠርካለም ዞሩ። እሷ እጇን ወደ ማርያም ቤተ ክርስቲያን አቅጣጫ ዘረጋች፣ አልተናገርኩም ማለቷ ነው። ሰውየውም በመጨረሻ ራሳቸው ሳቁ፤ የዚያን ቀን ሳቃቸው ዓይናቸው ደረሰ። «የተያዘ ይውረድ ያልኩት እኔ ነኝ» አሉ፤ «ሁለታችን ከወረድን ዩኒየኑ ለዚህች አረመኔ ሊቀር ነው። ውርርዱ ይፍረስ፤ ቁልፉ ይገዛ።»

ያኔ ሠርካለም ቁልፉን አውጥታ አሳየቻቸው። በእውነተኛው ገጽ ሰካችው፣ ነካችው፣ ገባች። ከዚያ ለማሳያ እንደገና የሠራችውን የሐሰት ገጽ ከፍታ ያንኑ ቁልፍ ሰካችው፣ ነካችው። «ይህ ቁልፍ እዚህ አይታወቅም» የሚል ጽሑፍ መጣ። ደገመችው፤ ያው ነው።

አያ ዘመነ አንገታቸውን አስግገው አዩ። «ጥጃዋ የሞተባት ላም አልታለብም ስትለን ምን እናደርጋለን?» አሉ። «የጥጃዋን ቆዳ ጭድ ሞልተን እናቆምላታለን። ምስኪን ትልሰዋለች፣ ወተቷን ታወርዳለች። እንግዲህ ይህ ቁልፍ ጭዱን የሚያውቅ ነው በሉኛ!»

«እንደሱ ነው፣ አያ» አለች ሠርካለም።

አቶ ሃብተ ጊዮርጊስ እጅ ሰጥተው አልጨረሱም። «ቁልፉ ቢጠፋስ? ለክፉ ቀን ስድስቷ ቁጥር ትቆይልን እንጂ» አሉ። ሠርካለም እንቢ አለች። ያቺ በር ክፍት ከቀረች ሌባው ቁልፉን ትቶ በእሷ ይገባል፤ ፊት ለፊት ብረት በር ገጥሞ ጓሮውን በእሾህ አጥር መተው ነው። ለእያንዳንዱ አስተዳዳሪ ሁለት ሁለት ቁልፍ ይመዝገብለት፤ አንዱ ከእጁ አይለይ፣ አንዱ በዩኒየኑ የብረት ካዝና ይቀመጥ። ቦርዱ እጁን አወጣ። ሥልጣኑ ዳባትም እንዳለ ቀረ።

ሠርካለም ያሰበችው ሁሉ ሆነላት። ደስታው ግን አልመጣም።

ሰዉ ሲበተን እትዬ ገበያነሽ ጆንያዎቹ አጠገብ ቆመው ጠበቋት። ጠዋት ከቤት ከወጡ ወዲህ መጀመሪያ ያናገሯት ያኔ ነው።

«የሰበሰብሻቸውን ስሞች ምን አደረግሻቸው?»

«አጠፋኋቸው፣ እትዬ። በእግዚአብሔር ስም፣ አንድም አልቀረ፤ ማንም አያያቸውም።» ይህን ስትል ደስ ይላቸዋል ብላ ነው።

«አጠፋሽው?» አሉ ሴትዮዋ፣ ያን ጊዜ ገና ተቆጡ። «ጸሎት ይደረግላችኋል ብለሽ ተቀብለሽ አጠፋሽው?»

«ውሸት ነበረ እኮ፣ እትዬ…»

«ያንቺ ነው ውሸቱ። የኔማ እውነት ነበር።» ክንዷን ያዟት። «አደራ ብዬ ሰጥቻለሁ። አደራውን የተቀበልሽው አንቺ ነሽ። ተነሺ፣ አድርሺልኝ።»

ወደ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። የማርያም ግቢ ውስጥ፣ ከጽዶቹ ሥር፣ ቄስ ቴዎፍሎስ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ሁለቱ ሴቶች መስቀል ተሳለሙ። እትዬ ገበያነሽ ወደ ኋላ አፈገፈጉና ሠርካለምን ወደ ፊት ገፋ አደረጓት። ሠርካለም ጉሮሮዋን ጠረገች።

«አባቴ፣ በጸሎት እንዲያስቡት የሚፈለግ ሰው አለ። ስሙን ለእኔ ነው የሰጡኝ። እኔ…» አለች።

«ስሙን ንገሪኝ፣ ልጄ።»

ጎንበስ ብላ በጆሯቸው ነገረቻቸው። አንዲት ፊደል አልሳተችም። ቄሱ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ስሙን በከንፈራቸው አንድ ጊዜ ደገሙት። ከዚያ እንደ ማንኛውም ቀን፣ እንደ ማንኛውም ካህን፣ «በሕይወት ያለ ነው ወይስ ያረፈ? ከየትኞቹ ጋር እንደማስበው እንዳውቅ ነው» ብለው ጠየቁ።

ሠርካለም ይህን ጥያቄ ገጿ ላይ አላስቀመጠችውም። እንዲያው አልታሰባትም። ቀስ ብላ ወደ እትዬ ገበያነሽ ዞረች።

ሴትዮዋ የቤተ ክርስቲያኑን በር እያዩ ነበር። «አየሽ?» አሉ፣ ወደ እሷ ሳይዞሩ። «ያንቺው ገጽ ይህን አልጠየቀኝም። ስንት ጊዜ እዚህ ድረስ መጥቼ፣ አባ ይህን ይጠይቁኛል ብዬ ስሙን ሳልሰጥ ተመልሻለሁ። ያንቺው ስላልጠየቀኝ ነው ደስ ብሎኝ የጻፍኩት።»

ሠርካለም ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጎትታ አለቀሰች። ቄስ ቴዎፍሎስ አላጣደፉም፤ መቁጠሪያቸውን ይዘው ጠበቁ። ነፋሱ ጽዶቹን አለፈ። እትዬ ገበያነሽ ዓይናቸውን ከበሩ አንስተው ወደ ቄሱ ዞሩ።

«ከሕያዋን ያድርጉልኝ፣ አባቴ» አሉ።

«ከሕያዋን» አሉ ቄሱ፣ ሌላ አንድም ነገር ሳይጠይቁ።

እትዬ ገበያነሽ መስቀሉን ሳሙ። ወደ ሠርካለም ዞረው ነጠላዋን ከፊቷ ገለጥ አደረጉና፣ በመዳፋቸው ጉንጯን ጠረጉላት፤ እጃቸው እንደ ድሮው ሻካራ ነው። «በይ ነይ» አሏት፤ «ዛሬስ ደባርቅ አትመለሽም። ቤት እንግባ።»